የሰው ደም ቁስላችሁ ላይ ቢያርፍ፦ ከአንድ ፀጉር አስተካካይ

ጥር 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ሐሙስ፣ የከተራ ዕለት ነው። ባሕር ዳር ላይ ፀጉር ቤት ያለው ሰው ከተራ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከተማው ነጭ ለብሶ ታቦት ሊያጅብ ከመውጣቱ በፊት ማጅራቱን ሊያስጠርግ የሚጋፋው እኛ በር ላይ ነው። ከጣና ዳር መንገድ ገባ ብላ ያለችው ቤቴ ሁለት ወንበር ብቻ ናት። ያን ቀን አግዳሚው ሞልቶ ደጅም ሰው ቆሞ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ግራ አውራ ጣቴ ልንገራችሁ። ወንድሜ ዓሣ አስጋሪ ነው። ንጋት ላይ ለሆቴል የሚያስረክበው ቀረሶ በዝቶበት ላግዘው ሐይቁ ዳር ወርጄ፣ ስዘለዝል ቢላዋው አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ጥልቅ አይደለም፤ ግን አፉን የከፈተ ቁስል ነው። ፕላስተር ለጥፌበት ሥራ ገባሁ። ፀጉር ቤት ውስጥ እጅ ስንት ጊዜ ውሃ እንደሚነካ ታውቃላችሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ፕላስተሩ የት እንደወደቀ እንኳ አላየሁትም።

8 ሰዓት ሲሆን ወንበሬ ላይ የተቀመጠው የቆየ ደንበኛዬ ነበር። ጢሙ የተጠቀለለ፣ በተላጨ ቁጥር ብጉር የሚያወጣ ልጅ ነው። ምላጩ ከመንጋጋው ሥር አንዷን ብጉር ነካትና ደም አለች። እኔም በልማድ፣ ጥጥ እስካነሳ ሳልጠብቅ፣ በአውራ ጣቴ ተጫንኳት። ጣቴን ሳነሳ ቁስሌ ተከፍቷል፤ የቱ የእሱ ደም፣ የቱ የእኔ እንደሆነ አይለይም።

ልጁ በመስታወቱ አየኝ። ቀና ብሎ በጆሮዬ "ጋሼ፣ እጅህን ታጠብ። እኔ መድኃኒት ላይ ነኝ" አለኝ። የኤችአይቪ መድኃኒት ማለቱ ነው።

አግዳሚው ላይ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ይህን ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? እስከ ዛሬ ሳስበው የማከብረው ለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ እኔ ያደረግኩት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ስህተት ነበር። ይህን የምጽፈው ምላጭ፣ ቢላዋ ወይም የተጎዳ ሰው እጁ ላይ የሚገባ ሁሉ እንደ እኔ እንዳይደናበር ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ እዚህ ያለው ያኔና ከዚያ ወዲህ ነርሶቹ ያስተማሩኝና እኔ በራሴ ጣት ያየሁት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

እኔ ምን አደረግኩ? ጓሮ ሮጥኩና ጣቴን እስኪጠቁር ጨመቅኩት። ከዚያ የበረኪናውን ጠርሙስ ከፍቼ ሳልበርዘው አፈሰስኩበት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በማግስቱ የቁስሉ ዙሪያ ነጥቶ ተላጠ። በኋላ ያገኘችኝ ሲስተር ጣቴን አገላብጣ እያየች "ቫይረሱ ይግባ አይግባ አላውቅም፣ በሩን ግን አንተው አስፍተህለታል" አለችኝ።

ማድረግ ያለባችሁ ይህን ነው፦ ከቧንቧ ወይም ከጆግ በሚወርድ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ታጠቡ። ተራ የልብስ ሳሙናም ይሆናል። አትጨምቁት፤ በራሱ ከደማ ይድማ። በብሩሽ ወይም በሻካራ ነገር አትፈትጉት። በአፍ መምጠጥማ ጭራሽ አይታሰብም፤ አንዱን ቁስል ሁለት ማድረግ ነው። በረኪና፣ ሎሚ፣ አረቄ፣ የተፈጨ ቡና፣ እናቶቻችን ቁስል ላይ የሚነሰንሱት ነገር ሁሉ ይቅር። ሥጋውን ያቃጥላል ወይም ያቆሽሻል እንጂ የገባ ቫይረስ አያወጣም። ታጥባችሁ ስትጨርሱ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁና በፕላስተር ሸፍኑት።

ደሙ ዓይን ውስጥ ከተረጨ ሳሙና የለም። ዓይንን ከፍቶ በንጹሕ ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማጠብ ነው፤ ሌላ ሰው ውሃውን ቢያፈስላችሁ ይሻላል። አፍ ውስጥ ከገባ ትፉት፣ ደጋግማችሁ ተጉመጥመጡ። ሐይቅ ላይ ጀልባ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ የጣናን ውሃ እየዘገናችሁ ቁስል አትጠቡበት፤ ቢልሃርዚያውም ሌላው ጣጣም አለ። የምትጠጡት ሃይላንድ ካለ እሱን ክፈቱት፣ ጥማችሁን ቻሉት።

ከዚያ ሰዓቱን ጻፉ። ይህ ቀላል ይመስላል። ሰው ሲደነግጥ ግን ሰዓት ይጠፋበታል፤ ከሁለት ቀን በኋላ "ከምሳ በፊት ነበር ወይስ በኋላ?" እያለ ይከራከራል። እኔ ያን ቀን ከሠራሁት አንዱ ትክክል ነገር በዱቤ ደብተሬ ጀርባ "ሐሙስ 8 ሰዓት ከሩብ" ብዬ መጻፌ ነው። ለምን እንደጻፍኩት ራሴም አላውቅም።

በእርግጥ የሚያሰጋ ነው ወይ?

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው ወይ ያለቅጥ የሚፈራው፣ ወይ ያለቅጥ የሚደፍረው። እኔ በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ሆኜአለሁ። ሲስተሯ ያስረዳችኝን በራሴ አባባል ላስቀምጠው።

ኤችአይቪ ከሰው ሰውነት ውጭ ደካማ ነው። የሚራባው በሕይወት ባለ የሰው ሕዋስ ውስጥ ብቻ ነው። ደሙ ሲደርቅ ቫይረሱም ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ የደረቀ ደም ያለበት ፎጣ፣ የበር እጀታ፣ የብር ኖት እንቅልፍ አይንሳችሁ። ከዚህ የሚለየው መርፌ ነው፦ ስሪንጅ ውስጥ የቀረ ደም አየር ስለማያገኘው ቶሎ አይደርቅም፤ በላቦራቶሪ ሲታይ ቫይረሱ እዚያ ውስጥ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ቆይቷል። መንገድ ላይ የተጣለ መርፌ ልጆች እንዳይነኩት የሚባለው ያለ ነገር አይደለም።

ቁጥሩን ስሙ። በደሙ ኤችአይቪ ያለበት ሰው የተወጋበት መርፌ 1,000 የጤና ባለሙያዎችን ቢወጋና አንዳቸውም መከላከያ መድኃኒት ባይወስዱ፣ የሚያዙት 3 ገደማ ናቸው። ደም ዓይን ወይም አፍ ውስጥ ሲረጭ ከ1,000 ወደ 1 ይወርዳል። እንደ እኔ ጣት የተከፈተ ቁስል ላይ ሲነካ ደግሞ ከዚያም እንደሚያንስ ይገመታል። ያልተቆረጠ፣ ያልተላጠ፣ ጤነኛ ቆዳ ላይ ቢፈስ አያሳስብም፤ ታጥቦ ወደ ሥራ ነው። ላብ፣ እንባና ምራቅ ደም ካልተቀላቀለባቸው ከነጭራሹ ከዚህ ወሬ ውጭ ናቸው።

ታዲያ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው ምንድን ነው? ቁስሉ ጥልቅ ሲሆን፤ የወጋው ነገር ከደም ሥር የወጣ፣ ውስጡ ክፍት መርፌ ሲሆን፤ ደሙ በዓይን የሚታይ ትኩስ ሲሆን፤ የደሙ ባለቤት መድኃኒት የማይወስድና በሰውነቱ ውስጥ ቫይረሱ የበዛበት ሲሆን። እነዚህ ናቸው መጠየቅ ያለባቸው። የእኔን ብታዩት ደሙ ትኩስ ነው፣ ቁስሌም ክፍት ነው፤ ግን ጠብታ ነው፣ ጥልቅ አይደለም። ልጁ ደግሞ መድኃኒቱን ለዓመታት ሳያቋርጥ የወሰደ፣ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን እንደማያስተላልፍ ተረጋግጧል። በደም ንክኪም ስጋቱን በጣም ያወርደዋል። ሐኪሞቹ ግን በደም ጉዳይ "መድኃኒት ይወስዳል" በሚል ቃል ብቻ ሰውን አያሰናብቱም።

"ቁስሌኮ ከትናንት ወዲያ ነው" የሚል ሰው ይመጣል። ቅርፊት ይዞ የደረቀ ቁስል የተዘጋ በር ነው። ዳር ዳሩ እርጥብ ከሆነ፣ ሲነኩት የሚያቃጥል ወይም የሚደማ ከሆነ ግን ክፍት ቁጠሩት። እኛ ሙያ ውስጥ የሚረሳው የጥፍር ጥግ ነው፦ የተላጠ ቆዳ፣ በጥርስ የተነከሰ ጥፍር። ሎሚ ጨምቃችሁ የሚያቃጥላችሁ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ክፍተት አለ ማለት ነው። (ይህ የእኔ ዘዴ ነው፤ ሲስተሯ ስትሰማ ሳቀች፣ ግን አልተቃወመችም።)

ወንድሜ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበረው፦ "እኔ በቀን ስንት ጊዜ የአምባዛ እሾህ ይወጋኛል፣ ደሙም እጄ ላይ ነው የሚውለው።" የዓሣ ደም ኤችአይቪ የለውም። የሰው በሽታ ነው። የወባ ትንኝም አያስተላልፈውም። ሐይቁ ዳር ስጋቱ ዓሣው አይደለም፤ አንዱ እጁን ቆርጦ ደሙ ሳይደርቅ ያንኑ ቢላዋ ለጎረቤቱ ሲያቀብል ነው።

72 ሰዓት

እኔ ያን ዕለት ሱቅ ዘጋሁ፣ ቤት ገባሁ፣ ዝም አልኩ። በማግስቱ ዓርብ ጥምቀት ነው፤ ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል? ለባለቤቴ የነገርኳት ዓርብ ማታ ነው፤ ራት አልበላ ብዬ ስትይዘኝ። አልጮኸችም። "ስንት ሰዓት ሆነው?" አለች። ጎረቤቷ የኤችአይቪ አማካሪ ስለነበረች 72 ሰዓት የሚባል ነገር መኖሩን ታውቃለች።

ይህን ያዙ፦ ከንክኪው በኋላ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ በጤና ተቋም "ፔፕ" ብትሉ ያውቁታል። የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ግን 72 ሰዓት ዳር ድንበሩ ነው እንጂ ቀጠሮ አይደለም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ከሁሉ የተሻለ ነው፤ በየሰዓቱ ጥቅሙ ይቀንሳል። ምክንያቱም ቫይረሱ ከቁስሉ ገብቶ በአካባቢው ባሉ ሕዋሳት ይጀምርና ከዚያ ወደ እጢዎች፣ ከዚያ ወደ መላ ሰውነት ይዛመታል። መድኃኒቱ የሚሠራው ሳይዛመት ሲቀድመው ነው። ከዚያ በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ቅዳሜ ጥር 12፣ ጠዋት 3 ሰዓት። ከተማው ሚካኤልን ሊሸኝ ወጥቷል፤ ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። የሄድንበት የመጀመሪያው ተቋም ካርድ ክፍሉ ዝግ ነው። ያገኘነው ሠራተኛ ነገሩን በቅጡ ሳይሰማ "በዓል ነው፣ ሰኞ ተመለሱ" አለን። ወጥቼ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ባለቤቴ በጣቷ ትቆጥራለች፤ ሐሙስ 8 ሰዓት፣ ዓርብ 8 ሰዓት፣ ቅዳሜ ... "ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ስትደርስ 91 ሰዓት ያልፍሃል" አለች። "ተነስ!"

ሌላ ቦታ ሄድን፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የመጀመሪያዋን ክኒን 5 ሰዓት ላይ ዋጥኩ። 45 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ማታም ይሁን በዓል፣ መደበኛው ክፍል ዝግ ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ግቡ፤ ድንገተኛ በዓል አያውቅም። ተራ እስኪደርስ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። እንዲህ በሉ፦ "በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት የደም ንክኪ አጋጥሞኛል፤ 72 ሰዓት አላለፈኝም፤ ፔፕ እፈልጋለሁ።" "ትንሽ ጣቴን ተቆርጬ ነበር" ካላችሁ ፋሻ ጠቅልለው ይሸኟችኋል። አንዱ ቦታ "ነገ" ካላችሁ አትከራከሩ፣ ወደ ሌላው እለፉ። ባሕር ዳር ውስጥ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥ የመንግሥት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ከአንድ በላይ ነው። ከገጠር፣ ከደቅ ወይም ከዘጌ የምትመጡ ግን መጀመሪያ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ጀልባ እስኪሞላ ሲጠበቅ የሚያልፈው ሰዓት ብዙ ነው።

እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚመረመረው የእናንተ ደም ነው። እውነቱን ልናገርና እኔን ከልጁ ደም በላይ ያስፈራኝ ይህ ነው። "ቀድሞውንስ ቢኖርብኝ?" የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ወጣትነት ነበረና። ምርመራው የሚደረገው ለዚሁ ነው፦ የዚያን ቀን ቫይረሱ ከተገኘ ከበፊት የመጣ ነው፤ ያኔ የሚሰጠው ሕክምና እንጂ መከላከያ አይደለም። ፈርቶ ከመቅረት ማወቁ ይሻላል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ።

ከዚያ ስለ ደሙ ባለቤት ይጠይቃሉ። ከታወቀና ፈቃደኛ ከሆነ ይመረመራል፤ ቫይረስ ከሌለበት እናንተም መድኃኒቱን ልታቆሙ ትችላላችሁ። ካልታወቀ፣ ካልፈቀደ፣ ወይም መንገድ ላይ ወድቆ ያነሳችሁት ሰው ከሆነ ጉዳዩ በቁስላችሁ ዓይነት ይወሰናል። እሱን ፍለጋ ስትዞሩ ሰዓቱን አታቃጥሉ፤ መጀመሪያ ክኒኗን፣ ከዚያ ፍለጋውን። የሄፓታይተስ ቢ (የጉበት ቫይረስ) ምርመራና ለቁስሉ የቴታነስ ክትባትም ጠይቁ። የኩላሊት ችግር ካለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ጡት የምታጠቡ ከሆነ፣ የጨጓራ ወይም የአይረን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ ከክኒኑ ጋር የማይስማማ አለ።

28 ቀን

መድኃኒቱ 28 ቀን ነው። 27 አይደለም። በእኔ ጊዜ ከሚሰጠው ውስጥ ኤፋቪሬንዝ የሚባል ነበረበት፤ ሕልም ያሳያል ተብዬ ነበር፣ ግን እንዲያ ያሳያል ብዬ አልገመትኩም። በሦስተኛው ሌሊት በደንገል ታንኳ ሙሉ የተቆረጠ ፀጉር ጭኜ ወደ ዘጌ ስቀዝፍ አደርኩ፤ ፀጉሩ ውሃ እየጠጣ ታንኳው ይሰምጣል። ጠዋት ስነሳ ራሴ ይዞር ነበር። አሁን የሚሰጠው በአብዛኛው ዶሉቴግራቪር ያለበት አንድ ክኒን በቀን ነው። ከእኔው ይልቅ ቀላል ነው ይላሉ የወሰዱት፦ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ አንዳንዱን እንቅልፍ መንሳት። የከፋባችሁ ከሆነ ተመልሳችሁ ንገሯቸው፤ ይቀይሩላችኋል። በራሳችሁ ፈቃድ አታቁሙ።

ስልኬን ማታ 3 ሰዓት ላይ እንዲጮህ ሞላሁት። ሰዓቱ ካለፋችሁ ባስታወሳችሁበት ዋጡ፤ ሁለት ባንዴ ግን አይሆንም። እናቴ ፀበል አምጥታ ነበር፤ ፀበሉንም ጠጣሁ፣ ክኒኑንም ዋጥኩ። የመጨረሻዋ ክኒን የካቲት 9 ላይ ዋለች፤ ዐቢይ ጾም ከገባ አምስተኛው ቀን ነው። ማታ ስለምወስደው ጾሙን አልነካብኝም።

ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ከባለቤቴ ጋር ኮንዶም ነበር። በ20 ዓመት ትዳር ኮንዶም ልገዛ ፋርማሲ ስገባ ሻጩ የእኔው ደንበኛ ሆኖ ተገኘ! ምን ይደረግ። ደም መለገስም እስከዚያ ይቆያል።

መድኃኒቱ ምን ያህል ያድናል ለምትሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የጤና ባለሙያዎች ጥናት ዚዶቩዲን የተባለው አንድ መድኃኒት ብቻውን ስጋቱን በ80 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የአሁኑ ሦስት መድኃኒት በአንድ ነው። ከመቶ መቶ የሚል ሰው ግን አትመኑ። ለዚህ ነው ከንክኪው በ6 ሳምንትና በ3 ወር ተመልሶ መመርመር ያለው። በመሐል ትኩሳት፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የእጢ እብጠት ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ። የእኔ የ3 ወሩ ምርመራ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነበር። ሲስተሯ ወረቀቱን እያየች "አሁን ባለቤትህን አስደስታት" አለችኝ። በዚህች ሴት ቀልድ ስንቱ ቀን አለፈልኝ።

ሱቄ ውስጥ የተቀየረው

ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የሚጠቅመው ይኸውላችሁ፦ ደንበኛ ሲደማ ጥጡን ለራሱ ስጡትና ራሱ ይጫነው። በቃ። ያን ቀን ይህን ባደርግ ይህ ሁሉ ታሪክ የለም። ሁለተኛው፣ የተቆረጠ እጅ ይዞ የሚሠራ ሰው ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ላይ ጓንት ያድርግ። ጓንት ስታደርጉ "ምን ንቆኝ ነው" የሚል ደንበኛ አለ፤ የተቆረጠ ጣታችሁን አሳዩት፣ ይገባዋል።

ምላጭ ደንበኛው እያየ ከወረቀቱ ይወጣል፤ አንድ ሰው፣ አንድ ምላጭ። አለቀ። የተጠቀማችሁበትን በእጅ አትስበሩት፣ ቅርጫት ውስጥም አትጣሉት። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች በፌስታሉ ውስጥ እጃቸውን እንደሚከቱ አይቻለሁ። እኔ የሞተር ዘይት የነበረበት ወፍራም ጀሪካን አለኝ፤ አፉ ጠባብ ነው፣ ምላጩ ገብቶ አይወጣም። የሃይላንድ ጠርሙስ ስስ ስለሆነ ምላጭ ይበሳዋል። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑን አጥብቄ የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያ ላለው ጤና ጣቢያ አስረክባለሁ።

ቶንዶስ በእያንዳንዱ ሰው መካከል ፀጉሩ ይጠረጋል፣ ጥርሱ በ70 በመቶ አልኮል ይታሻል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ደም ከነካው ግን አልኮል ማርከፍከፍ አይበቃም። ጥርስ ያለበትን ራሱን ፍቱት፣ በሳሙና ታጥቦ ደሙ ይልቀቅ፣ ከዚያ በተበረዘ በረኪና 10 ደቂቃ ይነከር፣ በውሃ ይለቅለቅ፣ ደርቆ ዘይት ይቀባ። አበራረዙ፦ ሱቅ የሚሸጠው በረኪና 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፤ ደም ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱን እዚያው ደሙ ላይ ይጨርሳል። የተበረዘውም ለነገ አያድርም፣ ይደክማል። ወለል ላይ ለፈሰሰ ደምም ያው ነው፤ ጓንት፣ ጨርቅ፣ ከዚያ በረኪናው።

ጀርም ይገድላል የሚባለው፣ ያ ሰማያዊ መብራት የሚበራበት ሳጥንስ? ብዙ ሱቅ ውስጥ አለ፣ ደንበኛም ይወደዋል። እኔም አለኝ፤ ማበጠሪያ አስቀምጥበታለሁ። መብራቱ የሚደርሰው ያበራበት ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ በቶንዶስ ጥርስ መካከል ያለ ደም ጥላ ውስጥ ነው ያለው። በእሱ ተማምናችሁ ማጠብ አትተዉ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለኤችአይቪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሲስተሯ "አንተ የፈራኸው የተሳሳተውን ነው" ብላኛለች። ሄፓታይተስ ቢ በደረቀ ደም ውስጥ፣ ዕቃ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ ክትባት ያልወሰዱ 100 ሰዎች በበሽተኛ መርፌ ቢወጉ ከ6 እስከ 30 የሚሆኑትን ሊይዝ ይችላል። ከኤችአይቪው 3 ከ1,000 ጋር አስተያዩት። ጉበት ይበላል፤ ለዓመታት ድምፁን አያሰማም። ግን ክትባት አለው፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ፣ ሦስት ጊዜ። እኔም ረዳቴም ተከትበናል። ምላጭ የሚይዝ ሁሉ፣ የጥፍር ቤት ሴቶችም፣ ቢከተቡ የቀን ገቢያቸውን ሰውተውም ቢሆን አይቆጫቸውም ባይ ነኝ።

ለባጃጅ ሾፌሮች ደግሞ አንድ ነገር። የወደቀ ሰው የምታነሱት እናንተ ናችሁ፤ ጓንት እስኪገኝ ተብሎ ሰው ሲሞት አይታይም። ወንበር ሥር አራት ንጹሕ ፌስታል አስቀምጡ፤ በእያንዳንዱ እጅ ሁለት ሁለት አጥልቆ ጨርቁን ቁስሉ ላይ መጫን ይቻላል። ራሱ የሚችል ከሆነ ራሱ ይጫነው። ሕመምተኛውን ካደረሳችሁ በኋላ እጃችሁን ታጥባችሁ ጣት በጣት እዩ።

ረዳቴ ያን ቀን የነበረው ማን እንደሆነ ስንት ጊዜ ጠየቀኝ። "ደንበኛ" አልኩት። ባለቤቴም ስሙን አታውቅም። ልጁ ከጥምቀት በኋላ ሁለት ወር ጠፋ፤ አፍሮ ይሆናል፣ ወይም እኔ የማላስተናግደው መስሎት። ስልኩ ስለነበረኝ "ጢምህ እስከ ደረት ደርሶ ይሆናል፣ ና" ብዬ ጻፍኩለት። በማግስቱ ጠዋት፣ ሱቅ ሳልከፍት፣ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሽርጡን አሰርኩለት፣ ምላጩን ከወረቀቱ አወጣሁ፣ ጥጡን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ጣትህስ ጋሼ?" አለኝ በመስታወቱ።

አሳየሁት። ጠባሳዋ አለች፤ በረኪናው የላጠው ዳሩ ላይ ትንሽ ነጣ ብላለች።

"ጢሙን ምን ላድርገው?" አልኩት።

"አሳጥረው። ከመንጋጋ ሥር ግን ተወው" አለኝ።